ስድስት ሜትር ቦይ

በየዓመቱ ሚያዝያ ውስጥ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ የስምንት ቤት ሰው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር በአካፋ ድንጋይ ሲፍቅ መምህር ሮዋን እንዴት አልሰማም? አንድ ዓመት ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ቢሆን ደግ ነው፤ አስራ አንድ ዓመት! የሺሞዳኒ ሰዎች ይህን እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ መልስ ያለው ግን የለም። እንቅልፉ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። ሰምቷል፣ ግን የገበሬ ሥራ መስሎት ተገላብጦ ተኝቷል የሚሉም አሉ። እሱን ራሱን ቢጠይቁት ጺሙን እያሻሸ ይቆይና፣ «እኔንም የሚገርመኝ እሱ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይወጣውም።

ሮዋን ቱሎክ ወደዚህ መንደር ሲመጣ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አርባ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል። የተወለደው በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ከነፋሱ ብዛት ዛፍ በማይበቅልበት ደሴት ላይ ነው። በረዳት የእንግሊዝኛ መምህርነት ለአንድ ዓመት ብሎ ፈርሞ መጣ። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ የጀመሩትን መጽሐፍ አልጨረሱም ነበርና አንድ ዓመት ጨመረ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወው።

ኑሮው የረጋ ነው። ጠዋት አንድ ተኩል ላይ በትምህርት ቤቱ በር ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጎን ቆሞ ልጆቹን እጅ እየነሳ ያስገባል። በር ላይ ጫማውን አውልቆ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ያጠልቃል፤ ነጠላ ጫማው አጭር ስለሆነ ተረከዙ ሁልጊዜ ከውጭ ነው። ጠረጴዛው በመምህራኑ ክፍል ጥግ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነው፤ በብርድ ወራት የማሽኑ ሙቀት ይደርሰዋል። ክፍል ሲገባ ዋናዋ መምህርት ታስተምራለች፤ እሱ ከመጽሐፉ ያነባል፣ ልጆቹ ይከተሉታል። አንዲቱን ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ የሚልበት ቀን አለ። ምሳውን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ ልጆቹ ራሳቸው ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ያደሉትን ሩዝና ሾርባ ይበላል። ከምሳ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይጸዳል፤ ተማሪውም መምህሩም እርጥብ ጨርቅ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይንበረከካል። ይህን እንኳ ሊያስቀሩለት ነበር፤ ልጆቹ ግን መቅረቱን ስላላወቁ በመጀመሪያው ቀን ጨርቅ አቀበሉት፤ በዚያው ቀረ።

በመምህራኑ ክፍል ግድግዳ ላይ የተራ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል፤ መስኮት የሚዘጋ፣ ሻይ የሚያፈላ፣ አበባ የሚያጠጣ፣ ማታ መብራት አጥፍቶ የሚወጣ። የሮዋን ስም የለበትም። በመጀመሪያው ዓመት «የኔ ተራ መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «እርስዎ እንግዳችን ነዎት፤ ይረፉ» አሉት። ርዕሰ መምህር በየሦስት ዓመቱ ይቀየራል፤ የመጡት አራቱም ያንኑ ቃል ነገሩት። እሱም መልካም ጠባይ ነው ብሎ አረፈ። ሰው አስራ አንድ ዓመት እንግዳ ሆኖ ይኖራል ወይ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሱም ጭምር።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው።

አስራ አራት ልጆች ነበሩ። መምህርት ናካዶ፣ ከሌላ አውራጃ ተዛውራ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ የሆነ ወጣት፣ በሰሌዳው ላይ «እሑድ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። መጠየቁ የሮዋን ሥራ ነው።

«አንተስ ሹንጎ?»

«እተኛለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና እተኛለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርት ናካዶ ሹንጎን ገላመጠችው። ሮዋን ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እዚያ የምትቀመጠው ቺናሚ ኦሪታ ናት፤ አያቷ የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፣ ቤታቸውም ከሮዋን ቤት ሦስት ቤት አልፎ ነው።

«ቺናሚስ?»

«ቦይ እጠርጋለሁ።»

«ጎበዝ! ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ሰው ጋር። ከሦስተኛው ረድፍ።»

ሮዋን የሚኖረው በሰፈሩ ሦስተኛ የቤት ረድፍ ነው። ልጆቹ ብዙ እንዲናገሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ስለሚጨምር፣ «ሁሉም ሰው ይወጣል?» አላት።

«ሁሉም» አለች፤ በጣቷ ቤቶቹን ስትቆጥር ቆይታ ደግሞ፣ «ከእርስዎ በቀር ሁሉም» አለች። እንግሊዝኛዋ እዚያ ላይ አለቀባትና በራሷ ቋንቋ ጨረሰችው። «የእርስዎን እማማ ፉሳዬ ናቸው የሚጠርጉት። ሁልጊዜ።»

ሹንጎ ከኋላ፣ «አንቺ! እሱ አይነገርም እኮ!» ሲል ሁሉም ሰማው። ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

መምህርት ናካዶ ጆሮዋ ቀልቶ ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው» አለች። «ቀጥሎ ማን አለ?»

እማማ ፉሳዬ የጎረቤቱ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው። በጥር በረዶ ላይ ተንሸራተው ከወደቁ ወዲህ ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ አስረው፣ ትንሽ ጋሪ እየገፉ ነው የሚሄዱት። ሮዋን ይህን ያውቃል። ከገበያ ሲመለሱ ጋሪያቸውን ስንት ጊዜ ደረጃ አሳልፎላቸዋል። ከጓሯቸው የነቀሉትን ሽንኩርት በጋዜጣ ጠቅልለው በሩ ላይ ሲያስቀምጡለት ኖረዋል። ስለ ቦይ ግን አንድ ቀን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በጽዳቱ ሰዓት ሮዋንና መምህርት ናካዶ በአንድ ኮሪደር ላይ ተንበርክከው ነበር። ጨርቋን እያጠበች ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«መምህር ሮዋን፣ ይቅርታ። ያንን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ባልጽፈው...» አለች።

«እንኳን ጻፍሽው። ቦዩ የማን ነው?»

«የሁሉም። ሩዝ ማሳ ውስጥ ውሃ ከመለቀቁ በፊት እያንዳንዱ ቤት በደጁ ያለውን ይጠርጋል። እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ እሑድ እኔ እወጣለኋ።»

«አውቄያለሁ ካሉ እማማን ያሳፍሯቸዋል። የደበቁዎትን አወጡባቸው ማለት ነው።»

«ዝም ካልኩስ?»

ጨርቋን ጨመቀች። «ዝም ካሉ በዚያ ወገባቸው የእርስዎን ጭቃ ያወጣሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ እንጃ። እኔ ብሆን ኬክ ይዤ ሊቀመንበሩ ቤት ሄጄ ስለ ሌላ ነገር አወራ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ ሮዋን ቤቱ ሳይገባ ደጁ ላይ ቆመ። በቤቱና በመንገዱ መካከል፣ ጉልበት ድረስ የሚጠልቅ በድንጋይ የተሠራ ቦይ አለ፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል። በቦዩ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጭ የቀለም መስመሮች አሉ። የቧንቧ ሠራተኞች ምልክት ይመስለው ነበር። አሁን ግራና ቀኝ አየ፤ መስመሮቹ በየቤቱ ደጅ አሉ። ከአንዱ ነጭ መስመር እስከ ሌላው በእርምጃ ለካው፤ ስድስት ሜትር ያህል ነው። ታችውን የዓመት ቅጠልና ጥቁር ደለል ሞልቶታል። ባለፈው ዓመት ይህን ያወጡትን እጆች አሰበ፤ ሽንኩርቱን በጋዜጣ የሚጠቀልሉት ያው እጆች ናቸው። ፊቱ ጋለ።

ረቡዕ ቀይ ባቄላ የተሞላበት ኬክ በሳጥን አሳሽጎ ሊቀመንበር ኦሪታ ቤት ሄደ። ኦሪታ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ለሰው ሁሉ ምላሳቸው እሳት ነው፤ ለሮዋን ብቻ ማር ነው። በሩን ሲያንኳኳ በስልክ አንዱን፣ «ያ የበር ማጠፊያ ነው? እሱስ የአህያ ጆሮ ነው!» እያሉ ሲጮኹ ነበር። ከፍተው ሲያዩት ድምፃቸው ተለወጠ።

«መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ። ምን አደከመዎት?»

ስለ አየሩ ተወራ። ስለ ቼሪ አበባው ቶሎ መርገፍ ተወራ። ሻይ መጣ፣ ሁለተኛ ሻይም መጣ።

«እሑድ ምን እንደምሠራ እያሰብኩ ነበር» አለ ሮዋን።

«ይረፉ እንጂ!»

«ዕረፍት በዛብኝ።»

«እንግዲያው ወደ ባሕሩ ወረድ ይበሉ። ዓሣው አሁን ነው የሚጥመው።»

«ወይም እዚሁ ቦዩ አጠገብ...»

«ቦይ ምን ያደርግልዎታል መምህር! ጭቃ ነው። እባብ አለው። የእርስዎ እጅ የጠመኔ እጅ ነው።»

«ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር የረግረግ አፈር እየቆረጥን ለማገዶ እናደርቅ ነበር። አካፋ አውቃለሁ።»

«እንዴ፣ አፈር ያነዳሉ?» አሉ ኦሪታ ከልባቸው ተገርመው። ከዚያ ወሬው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባቸውና እጃቸውን አወናጨፉ። «አይ፣ አይ፣ አይሆንም።»

ሚስታቸው ከወጥ ቤት፣ «ይውጣ በለው እንጂ! ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ!» አሉ።

«አንቺ ሾርባሽን አማስዪ!»

ሮዋን ሲኒውን አስቀመጠ። የናካዶን ምክር እስከዚህ ድረስ ተከተለ፤ ከዚህ ወዲያ ግን ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃተው። «የእማማ ፉሳዬ ወገብ ደህና አይደለም» አለ። «ዘንድሮ ቢወድቁ በእኔ ምክንያት ነው።»

ኦሪታ የኬኩን ሳጥን ወደ ጎን ገፉ። «የልጅ ልጄ ናት አይደል? ያቺ አፈ ቀዳዳ።»

«ቺናሚ ምንም አላጠፋችም። የተጠየቀችውን መለሰች።»

«እንግዲህ ይስሙኝ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዛሬ አስራ አንድ ዓመት በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ነው የቦዩ ቀን የደረሰው። እኔ በርዎን ላንኳኳ ስሄድ እማማ ፉሳዬ መንገድ ላይ ያዙኝ። ‹ያ ልጅ ከእናቱ ርቆ ነው የመጣው፤ አትቀስቅሰው፣ የሱን እኔ እጠርጋለሁ› አሉኝ። ደግ ነው አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ሳንጠይቃቸው ጠረጉት። በሦስተኛው ዓመት ይነገረው ተባለ። ግን ምን ተብሎ ይነገራል? ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝተው ከረሙ ይባላል? በአራተኛው ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ...»

ሚስታቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብለው፣ «ፈሪዎች ናችሁ፤ ሌላ ምን አለው» ብለው ተመለሱ።

«እሑድ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ» አለ ሮዋን።

ኦሪታ አንድ ኬክ አንስተው ጎረሱ። «አልሰማሁም» አሉ እያኘኩ። «ያልሰማሁትን አልከለክልም።»

ቅዳሜ የእርሻ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ አካፋ ገዛ። ቦት ጫማ ግን በእግሩ ልክ አልተገኘም። ባለሱቁ ጓዳ ገብቶ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣ። «መምህር፣ ለዚህ እግር ጀልባ ነው የሚሻለው» አለው። «ለነገው ቦይ ነው?»

«ለነገው ነው።»

ሱቁ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች የቲማቲም ችግኝ ሲያማርጡ ነበር። አንገታቸውን ቀና አድርገው ተያዩ። በሺሞዳኒ ሁለት አሮጊት ሰማ ማለት መንደሩ በሙሉ ሰማ ማለት ነው፤ ሮዋን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ አላሰበበትም።

እሑድ ስልኩ ሳይጮህ ነቃ። የሸራ ጫማውን አጥልቆ፣ አዲሱን አካፋ ይዞ ሲወጣ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ይጎድል ነበር። ተራራው ላይ ጉም ተኝቷል። ቦዩ ዳር ደርሶ ወደ ታች አየና እዚያው ቀረ።

ስድስቱ ሜትር ንጹሕ ነበር። የታችኛው ድንጋይ ታጥቦ ይታያል፤ ጎንና ጎኑ በብሩሽ ተፍቋል፤ የወጣው ደለል ከዳር ተከምሮ በአካፋ ጀርባ ተደልድሏል። ቀና ሲል እማማ ፉሳዬን አያቸው። በራቸው ላይ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ነግቶም ግንባራቸው ላይ ያሰሩት ባትሪ እንደበራ ነው።

«እማማ!»

«አንተ! ምን አስነሳህ በዚህ ሰዓት?»

«ምን አድርገው ነው?»

«ምንም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአስር ጀምሮ ይሆናል። ምን ትጠይቀኛለህ፣ እኔ ተማሪህ ነኝ?» ዓይናቸውን ከሱ ወደ ቦዩ መለሱ። «ይወጣል ሲሉ ሰማሁ። አንተ ደግሞ ሠርተኸው አታውቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ ሊያይህ ነው፤ ትሳሳታለህ፣ ይስቁብሃል። ጠርጌ ካቆየሁልህ አካፋህን ይዘህ መቆም ብቻ ነው አልኩ። ማን ያውቃል ብዬ።»

ሮዋን ሊቆጣቸውም፣ ሊያቅፋቸውም ፈለገ፤ ሁለቱም እዚህ የሚደረግ ነገር አይደለም። ቀስ ብሎ ከግንባራቸው ላይ ባትሪውን አጠፋው።

«የእርስዎስ?» አላቸው።

አብረው አዩት። ከነጩ መስመር ወዲያ ያለው የእማማ ፉሳዬ ስድስት ሜትር እንደ ከረመ ነው፤ ጥቁር፣ ቅጠል የሞላው።

«አሁን እጀምረዋለሁ» አሉና አካፋቸውን ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። ግማሽ ድረስ ተነሱ። ፊታቸው ነጣ፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ መሃል ሰዉ መውጣት ጀምሮ ነበር። ኦሪታ ከነሚስታቸው፣ ቺናሚ በቢጫ ቦት ጫማ፣ ከወዲያ ጥግ ያሉት ባልና ሚስት፣ ሌሎቹም አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። የጠራውን ቦይ አዩ፤ ያልጠራውን አዩ፤ ሣጥኑ ላይ ያሉትን ሴትዮ አዩ። ሁሉም ገባው፤ ሁሉም ወደ ጫማው ማየት ጀመረ። አስራ አንድ ዓመት የተደበቀ ነገር በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ወጥቶ መሃላቸው ተቀምጧል፤ የሚነካው ግን የለም።

ሮዋን በሸራ ጫማው የእማማ ፉሳዬ ቦይ ውስጥ ገባ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው።

«ውጣ!» አሉ እማማ። «እሱ የኔ ነው!»

«የኔን ማን ጠረገው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። እንግዲያው የጠራው የእርስዎ ይሁን፣ ይሄኛው የኔ።»

«እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም! ኦሪታ፣ ንገረው እንጂ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ኦሪታ ኮፍያቸውን አውልቀው መለሱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለዘንድሮ» አሉ በስብሰባ ድምፅ፣ «አራተኛውና አምስተኛው ቤት ደጅ ተለዋውጠዋል። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም አልነበረም። «እኔ እቃወማለሁ» አሉ እማማ ፉሳዬ፤ የኦሪታ ሚስት ግን በብብታቸው ገብተው ደግፈው እያስነሷቸው ነበር። «እርስዎ ሞቅ ያለ ፎጣ ወገብዎ ላይ አድርገን ከቤት ሆነው ይቃወማሉ» አሏቸው።

ሥራው ተጀመረ። አካፋ ድንጋይ ይፍቃል፣ ጭቃ ጧ እያለ ይወድቃል፣ ሰው ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ልጅ ሠርግ ያወራል። ሮዋን አንገቱን ደፍቶ ይቆፍራል። አባቱ ያስተማረው ለእርጥብ አፈር ነው፤ በአንድ ቁራጭ አንስቶ ወደ ጎን መወርወር። ይህ ግን ቀጭን ደለል ነው፤ የወረወረው ግማሹ በጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ ተመልሶ ይገባል። ሊቀመንበር ኦሪታ ከጎን ሆነው አንድ ጊዜ አዩት፣ ሁለት ጊዜ አዩት። ከንፈራቸውን ነከሱ። በሦስተኛው አልቻሉም።

«ወዴት ነው የምትወረውረው? ተመልሶ ይገባል እኮ! ከጠርዙ አርቀህ! አርቀህ! ዓይን የለህም?»

ቺናሚ ሳቋ አመለጣት። ኦሪታ ራሳቸው ያሉትን ሰምተው ደነገጡ፤ ሚስታቸውም ከእማማ ፉሳዬ በር ላይ ሆነው ደነገጡ። በዚህ መንደር ከእማማ ፉሳዬ በቀር ለአስራ አንድ ዓመት መምህሩን «አንተ» ብሎ የተቆጣው ሰው አልነበረም።

ሮዋን ላቡን ጠረገ። «እንዲህ?» አለ፣ አርቆ እየወረወረ።

«እንዲያ አይደለም። ስጠኝ አካፋውን» አሉ ኦሪታ፤ ገብተው ሁለት ጊዜ አሳዩት። «ሰውነትህን አዙር፣ ክንድህን አይደለም። ይህን ያህል ቁመት ይዘህ!»

ሦስት ሰዓት ላይ የረድፉ ቦይ በሙሉ ጠራ። መንገዱ ዳር ሸራ ተነጥፎ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና በጨው የከረመ ፍጅል ቀረበ። ሮዋን የሻይ ብርጭቆ ይዞ ወደ እማማ ፉሳዬ ቤት ገባ። በመስኮቱ አጠገብ በጎናቸው ተኝተው ውጭውን ያያሉ። ሻዩን ተቀበሉ፤ አላመሰገኑም።

«ጥጉን አልፋቅህም» አሉት።

«የቱን ጥግ?»

«ከትልቁ ድንጋይ ሥር። ከዚህ ሆኜ አየሁህ፤ አልፈኸው ሄድክ።»

ተመልሶ ሄዶ ጥጉን ፋቀ። እውነትም አንድ ባልዲ የሚሞላ ደለል ነበረበት።

ሲመለስ ኦሪታ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም መንጠቆ ይዘው ጠበቁት። «ሰባት ሰዓት ላይ ውሃ ይለቀቃል» አሉት። «የመጀመሪያው ውሃ ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ቦዩ ጫፍ ካለው ወንፊት አጠገብ ተቀምጦ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። በደንቡ ከሁሉ በኋላ ወደ ረድፉ የገባው ቤት ሥራ ነው።»

«ከሁሉ በኋላ የገባው ማን ነው?»

«ከአንተ ወዲህ የገባ የለም። እኔ ነኝ ስሠራልህ የኖርኩት፤ ዘንድሮ ጉልበቴም አሞኛል።» መንጠቆውን ሰጡት፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።

ወንፊቱ ከረድፉ ጫፍ፣ ቦዩ ወደ ማሳው ከሚታጠፍበት ላይ ያለ የብረት ፍርግርግ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ሮዋን ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ የሸራ ጫማው እንዲደርቅ ከጎኑ ተሰጥቷል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከላይ፣ ከተራራው በኩል፣ ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ ሰው የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ውሃው በየቤቱ ደጅ እያለፈ፣ ቡናማ ምላሱን እያስቀደመ መጣ። ቅርንጫፍ አመጣ፣ ጠርሙስ አመጣ፣ የልጅ ነጠላ ጫማ አመጣ፣ በሕይወት ያለ እንቁራሪት አመጣ። አንድ በአንድ እየሳበ አወጣ። እንቁራሪቱን ወደ ሣሩ ለቀቀው። በብስክሌት የሚያልፉ ሰዎች እንደ ወትሮው ዝቅ ብለው እጅ ነሱት፤ አንዱ ግን ቆም ብሎ፣ «ወንፊቱ እንዳይደፈን፣ ማሳዬ ዝቅ ያለ ነው» ብሎት ሄደ። ሮዋን ሰውየውን በስም አያውቀውም ነበር። ሰውየው ግን ማሳውን ለሱ ትቶለት ሄዷል። ይህን እያሰበ ብዙ ቆየ፤ መዳፉ ላይ የወጣውን ውኃ የቋጠረ ቁስል በጣቱ እየነካ።

ወደ አስራ አንድ ተኩል ገደማ ኦሪታ መጡ። ጎንበስ ብለው ወንፊቱን አዩ፣ የተከመረውን ቆሻሻ አዩ።

«እማማ ፉሳዬ እንዴት ናቸው?» አላቸው ሮዋን።

«ሐኪሙ አየ። አጥንት አልተነካም፤ ሳምንት ይተኙ ብሏል። ሰባቱን ቀን እንዴት አድርገን እንደምናስተኛቸው እሱ አልነገረንም።» ቀና አሉ። «ነገም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ወንፊቱን እየው።»

«እስከ መቼ?»

«ውሃው እስኪጠራ ነዋ።»

ቤቱ ገብቶ ገንዳውን በሙቅ ውሃ ሞላ። ውስጡ ሊያንቀላፋ ምንም አልቀረውም። ወጥቶ የቀረውን ሩዝ ሊያሞቅ አስቦ፣ ማንኪያውን በዚያ መዳፍ መያዝ ስላቃተው ተወው። የነገውን ትምህርት ወረቀት አወጣ፤ አንዲት መስመር አንብቦ መልሶ አጠፈው። የስልኩን ደወል ለአስራ አንድ ሰዓት ሞላ። ፍራሹን ዘርግቶ መብራት ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ አለማብራቱን አየ፤ በመስኮቱ ገና ፈዛዛ ብርሃን ነበር። ብርድ ልብስ ሳይለብስ ጋደም አለ፤ ያ ጋደም ማለት በዚያው እንቅልፍ ሆነ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።